ከቡናው አበባ እስከ ጀንፈሉ፦ የጅማን ገጠር በየወቅቱ ፎቶ የማንሳት ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በጅማ ከተማ ወይም እንደ አጋሮና ሰርቦ ባሉ አነስተኛ ከተሞች ፎቶ ቤት ከፍተው በጉርድ ፎቶ፣ በሠርግና በምረቃ ለሚተዳደሩ፣ ከዚህ ጎን ለጎን ግን በዙሪያቸው ያለውን የገበሬውን ሕይወት ዓመቱን ሙሉ በሥርዓት መዝግበው ማስቀረት ለሚፈልጉ ባለሙያዎች ነው። ጥሩ ስልክ ብቻ ያለው ሰውም ከአንዳንድ የካሜራ ቅንብሮች በስተቀር አብዛኛውን ሊሠራበት ይችላል። መነሻ ሐሳቡ አንድ ነው፦ የወቅት ፎቶ የሚገኘው ያማረ ቦታ ፍለጋ በመዞር ሳይሆን፣ በግብርናው የሥራ ጊዜ እየተመሩ ወደ አንድ መንደር ደጋግሞ በመመለስና ያነሱትን ፎቶ አሳትሞ ለባለቤቱ በማድረስ ነው።

መንደሩን በክረምቱ መንገድ መምረጥ

በበጋ ሁሉም መንደር ቅርብ ነው፤ ባጃጅም ሞተር ሳይክልም እስከ ደጃፍ ያደርሳል። ሐምሌ ሲገባ ግን የቀይ አፈሩ ጭቃ መንገዱን ይዘጋዋል። ስለዚህ መንደር ሲመርጡ መመዘኛዎ የክረምቱ መንገድ ይሁን፤ ከአስፋልቱ ወይም ከጠጠሩ መንገድ ወርደው ቦት ጫማ አጥልቀው ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ የእግር ጉዞ የሚደርሱበት ቢሆን ይመረጣል። በበጋ ብቻ የሚሄዱበት መንደር የዓመቱን ግማሽ ይደብቅብዎታል።

ቀጥሎ የሚታየው ምን እንደሚመረት ነው። ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ያለው ማና፣ ከአጋሮ ዙሪያ ያለው ጎማ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ ሰቃ ጨቆርሳ የቡና አገር ናቸው። ዴዶ ወደ ደጋው ሲወጡ ገብስ፣ ድንችና ሽንኩርት የሚበዛበት ነው፤ በከርሳና በኦሞ ናዳ ሜዳ ላይ ደግሞ ጤፍና በቆሎ ጎልቶ ይታያል። ለመጀመሪያው ዓመት አንድ የቡና መንደር ይበቃል። አቅምና ጊዜ ካለ አንድ የእህል ወይም የደጋ መንደር ቢጨመር፣ በአንደኛው ሥራ ሲቀዘቅዝ በሌላኛው ስለሚሞቅ ዓመቱ ባዶ ጊዜ አይኖረውም።

መጀመሪያ ሲሄዱ ካሜራው ከቦርሳ አይውጣ። የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት፣ የመንደሩን ሽማግሌዎችና የመስጊዱን ኢማም አግኝተው ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ፣ ፎቶው የት እንደሚውልና ለመንደሩ ምን እንደሚመለስ ይንገሯቸው። ከቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ቢያገኙ በመንገድ ላይ ለሚገጥም ጥያቄ ይጠቅማል። የገጠሩ ሰው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ቋንቋውን የማይችል ሰው የመንደሩን ልጅ ይዞ መሄድ አለበት፤ ያም ሆኖ ሰላምታውን በራሱ አንደበት ቢያቀርብ ይሻላል። ጠዋት «አካም ቡልተኒ»፣ ከሰዓት በኋላ «አካም ኦልተኒ» ብለው፣ ወንዱን ኦቦ፣ ሴቷን አዴ፣ መካ ደርሰው የተመለሱትን ሐጂ እያሉ ይጥሩ። ስም ብቻ ጠርቶ «እዚህ ጋ ቁም» ማለት በፎቶ ቤት የለመድነው ብልግና ነው፤ በገበሬው ግቢማ ጭራሽ ነውር ነው።

የሥራውን ወራት በደብተር ማስፈር

ካሜራ ከማንሳትዎ በፊት ከአንድ አዛውንትና ከአንዲት እናት ጋር ተቀምጠው የዓመቱን ሥራ ወር በወር ያስጽፉ። ሁለቱን ለይተው ይጠይቁ፤ ወንዱ የእርሻውንና የገበያውን ሲነግርዎ፣ ሴቷ የውኃውን፣ የማገዶውን፣ የጓሮውንና የእህሉን አያያዝ ትነግርዎታለች፤ ከሁለቱ ዝርዝሮች አንዱ ብቻ የተያዘበት የፎቶ ስብስብ ግማሽ መንደር ነው። በአብዛኛው የጅማ ዙሪያ የሚያገኙት ይህን ይመስላል፦ በየካቲትና በመጋቢት ቡናው ያብባል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በቆሎ ይዘራል፤ በሐምሌ ጤፍ ይዘራል፤ በነሐሴ የበቆሎ እሸት ይደርሳል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፍ ይታጨዳል፤ ከዚያ ውቂያና ሠርግ ይከተላል። ደጋው ከቆላው ስለሚዘገይ ወሩን ከመንደሩ ሰው አፍ እንጂ ከዚህ ጽሑፍ አይውሰዱ።

በዓላቱን ሲጽፉ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ልብ ይበሉ። መስቀል፣ ገናና ጥምቀት ወቅታቸውን አይለቁም። ረመዳን፣ ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ግን በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየተሳቡ ከ32 እስከ 33 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ አራቱንም ወቅት ይዞራሉ። በጭቃ ላይ የተሰገደ የክረምት ዒድ ካጋጠመዎ፣ ያ መልክ ካለፈ በኋላ ተመልሶ የሚመጣው ልጆቹ ልጅ ሲወልዱ ነውና ሌላ ቀጠሮ ሰርዘውም ቢሆን ይሂዱ።

የጅማን ብርሃን ማወቅ

ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ቶሎ ትወጣለች፣ ቶሎም ከፍ ትላለች። ለስላሳው የጠዋት ብርሃን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ቢበዛ እስከ 2፡30 ድረስ ነው፤ የማታው ደግሞ ከ10፡30 በኋላ ይጀምራል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ግድም ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ትክክል አናት ላይ ስለምትቆም የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፊቱ ጨርሶ ይጠፋል። በታኅሣሥ ግን ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል እኩለ ቀን እንኳ ጥላው ጎን ይይዛል፤ በቡና ለቀማና በውቂያ ወቅት ረዘም ላለ ሰዓት መሥራት የሚቻለውም ለዚህ ነው።

የካሜራው መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ይሞክራል። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ፍሬሙን ሲሞላው ከልክ በላይ አብርቶ ፊቱን አመድማ ያደርገዋል፤ ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ ሲበዛበት ደግሞ ያጨልመዋል። መፍትሔው በሰውየው ጉንጭ ላይ ለክቶ፣ ለጠይም ወይም ለጥቁር ፊት ትንሽ ዝቅ አድርጎ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) በእጅ መቆለፍና፣ ነጩ ልብስ ዝርዝሩ እንዳይጠፋ በስክሪኑ ማረጋገጥ ነው። ካሜራዎ የሚፈቅድ ከሆነ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ) ፋይል ያንሱ። በስልክ የሚያነሳ ሰው ፊቱ ላይ ተጭኖ ይያዝና ብርሃኑን በጣቱ ትንሽ ዝቅ ያድርገው።

በልግ፦ የቡናው አበባ ቀጠሮ

የቡና አበባ ቀጠሮው ከዝናብ ጋር ነው። በበጋው ድርቀት አንቀላፍቶ የቆየው እምቡጥ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲመታው ይነቃና፣ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማሳው በአንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳል። በሙሉ ውበቱ የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ይጠወልግና ይረግፋል። ስለዚህ ዝናቡ የጣለበትን ቀን ይመዝግቡ፣ ከስድስተኛው ቀን ጀምሮም ለመንደሩ ሰው እየደወሉ ይጠይቁ። ከተማው ውስጥ ዘነበ ማለት ማና ዘነበ ማለት ስላልሆነ፣ ቀኑን የሚቆጥሩት ከመንደሩ ዝናብ ተነስተው ይሁን።

በዕለቱ ከፀሐይ መውጫ በፊት ማሳው ውስጥ ይገኙ። አበባው ነጭ፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ስለሆነ መለኪያው ይሳሳታል፤ ኤክስፖዠሩን በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ያህል ዝቅ ያድርጉ (አንድ ስቶፕ ዝቅ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)። አበባውን ብቻ ቀርቦ ማንሳት ማንም የሚያደርገው ነው። የመንደር ፎቶ የሚሆነው ሰው ሲገባበት ነው፦ በአበባው መካከል ሞፈር ተሸክሞ ወደ በቆሎ ማሳው የሚያልፍ ገበሬ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለውን ቀፎ ቀና ብሎ የሚያይ ንብ አናቢ። ከመሄድዎ በፊት አንድ የቡና ዛፍ ይምረጡና የቆሙበትን ቦታ በድንጋይ ወይም በአጥር እንጨት ምልክት ያድርጉበት። ከአበባ እስከ ቀይ ፍሬ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ይወስዳል፤ ያንኑ ዛፍ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሌንስ እንደገና ያነሱታል።

ክረምት፦ ዝናብና ጭቃ

አብዛኛው ፎቶ አንሺ ክረምት ሲገባ ካሜራውን ይከታል፤ የመንደሩ ሥራ የሚበረታው ግን ያን ጊዜ ነው። ዝናቡ ራሱ በፎቶ እንዲታይ ከፈለጉ ከጀርባው ጠቆር ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የዋንዛ ወይም የብርብራ ዛፍ ያስገቡና ብርሃኑ ከፊት ለፊትዎ ይምጣ። በ1/60 ሰከንድ የሹተር ፍጥነት ጠብታው ረጅም ክር ይሆናል፣ በ1/500 ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቆማል፤ ለዓይን የሚስማማው 1/125 አካባቢ ነው። በቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ሥር ወይም በዣንጥላ ሥር ቆመው ያንሱ፤ ካሜራውን ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ በተበጀለት ወፍራም ፌስታል ይሸፍኑ፣ ደረቅ የጥጥ ጨርቅም በኪስዎ ይያዙ።

በነሐሴ ሊያመልጥዎ የማይገባው የበቆሎ ጥበቃ ነው። እሸቱ ሲደርስ ዝንጀሮና ጦጣ በቀን፣ ከርከሮ በሌሊት ስለሚያጠቁት በማሳው መካከል ማማ ይሠራል፤ ልጆችና ጎረምሶች ወንጭፍ ይዘው እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ፣ እየጮኹም ይጠራራሉ። ከማማው ሥር ወደ ላይ ሲያነሱ ደመናው ፊቱን ስለሚያጠቁረው፣ ፈቃድ ጠይቀው አብረው ይውጡና ከጠባቂው ትከሻ ኋላ ሆነው ማሳውን ጨምረው ያንሱ። ማማው ሁለት ሰው ካልቻለ አይሞክሩት።

የጅማ እርጥበት የሌንስ ጠላት ነው። በቆዳ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ መስተዋቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ፈንገስ ያበቅላል፤ ከያዘው በኋላ ሙሉ በሙሉ ማጽዳት ይቸግራል። ክዳኑ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ ገዝተው ሲሊካ ጄል ጨምረውበት ሌንሶቹን እዚያ ያኑሩ፤ ሲሊካ ጄሉን በየጊዜው በድስት ላይ በቀስታ አሙቀው ያድርቁ። ከዴዶ ብርድ ወርደው እሳት ወደሚነድበት ቤት ሲገቡ ደግሞ ካሜራው ላብ እንዳያወጣ ቦርሳው ሳይከፈት 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ቡናው እስኪፈላ መጠበቅዎ ስለማይቀር ጊዜው አይባክንም።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፦ ለቀማው

የዓመቱ ዋና ሥራ ይህ ነው፤ አቅምዎን ለዚህ ይቆጥቡ። ለቃሚዋ ቅርንጫፉን በግራ እጇ ጎንበስ አድርጋ ይዛ፣ በቀኝ እጇ ጣቶች ቀዩን ከአረንጓዴው እየለየች ወገቧ ላይ ወደታሰረው ቅርጫት ትጥላለች፤ ዓይኗ ግን ቀድሞ ወደሚቀጥለው ቅርንጫፍ ሄዷል። ፎቶው ያለው በዚያ ዓይንና እጅ መለያየት ላይ ነው፤ እጇን ብቻ ቀርበው ካነሱ የማንም እጅ ይሆናል። 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዘው በሁለት እርምጃ ርቀት፣ ከፍታዎን ከቅርጫቱ ጋር አስተካክለው ያንሱ።

ችግሩ የጥላ ዛፉ ብርሃን ነው። በሰሳና በዋንዛ ቅጠል መካከል የሚያልፈው ፀሐይ ፊቱን ነብርማ ያደርገዋል፣ ቅጠሉም አረንጓዴ ቀለሙን ቆዳ ላይ ይረጫል። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ደመና መጠበቅ ወይም ጥላው ጥቅጥቅ ወዳለበት ረድፍ ሄዶ እዚያ ለሚለቅሙት ሰዎች መቆየት ነው፤ ለቃሚዋን «ወደዚህ ነይ» ብለው ከረድፏ አያስወጡ፣ የምትከፈለው በለቀመችው ልክ ነውና። ለሁለተኛው የካሜራውን የነጭ ሚዛን ከአውቶማቲክ አውጥተው በነጭ ወረቀት ያስተካክሉ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 800 ወይም 1600፣ ሹተር ከ1/250 ሳይወርድ ይበቃል። ስልክ ቀዩን ፍሬ ከልክ በላይ ስለሚያቀላው ሲያርሙ የቀለሙን ድምቀት መጨመር ሳይሆን መቀነስ ያስፈልጋል።

ከለቀማው በኋላ ፍሬው ሁለት መንገድ አለው። የሚታጠበው በዚያው ቀን ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ይሄዳል፤ ሌላው በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ከቀይ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር ተለውጦ ጀንፈል ይሆናል። አንዱን አልጋ ከአንድ ቦታ ሆነው በሦስቱም መልኩ ያንሱት። ጠዋት ሲገለጥ፣ በእኩለ ቀን ሲገለበጥ፣ ዝናብ ሲያስፈራራ ቤተሰቡ ሁሉ ተሯሩጦ ሸራ ሲያለብስ የሚታየው ትርምስ ከማንኛውም የተቀናበረ ፎቶ ይበልጣል። በሚዛንና በክፍያ ቦታ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ የሰው ገንዘብ የሚቆጠርበትን እጅ፣ የኪሎና የብር መጠን የተጻፈበትን ወረቀት ባለቤቱ ሳይፈቅድ አያንሱ፣ ቢያነሱም ለሌላ አያሳዩ።

በጋ፦ አውድማ፣ ገበያና ቤት ውስጥ

በአውድማ ላይ ሌንስ አይቀይሩ፤ የጤፍ እብቅ ከገባ ከሴንሰሩ ላይ ማውጣት ዕዳ ነው። ነፋሱ ከጀርባዎ እንዲሆን ቆመው፣ ከ10፡30 በኋላ ፀሐይዋን ከእብቁ በስተኋላ አድርገው፣ ገበሬው በመንሽና በላይዳ ሲያነሳው በ1/1000 ሰከንድ ያንሱ። የበሬዎቹን ዙረት ለማሳየት ተቃራኒውን ያድርጉ፤ 1/30 ላይ አውርደው አንዱን በሬ በዓይንዎ እየተከተሉ ካሜራውን አብረው ያዙሩ።

ጅማ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ በሐሙስ ገበያዋ በሂርማታ የታወቀች ናት፤ የመንደሩ ሰው ጀንፈሉን፣ ማሩንና ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን ባለሦስት እግር በርጩማ ይዞ ሲወርድ መንገድ ላይ ይከተሉት እንጂ ገበያው ውስጥ አይጠብቁት። ግርግሩ ሁሉንም ያመሳስለዋል፤ መንገዱ ግን የማን ዕቃ ከየት እንደመጣ ይናገራል።

ቤት ውስጥ ፍላሽ አያስፈልግም፤ ጭሱን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል። ሰውየው ከበሩ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብለው በጎናቸው እንዲቀመጡ ይጠይቁ፣ እርስዎ በሩ ያለበትን ግድግዳ ተደግፈው በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ የሌንሱን ቀዳዳ በኤፍ 1.8 ወይም 2 ከፍተው፣ በአይኤስኦ 1600 ያንሱ።

ፈቃድና የማይነሱ ነገሮች

ፈቃድ በአንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም፤ በየጉብኝቱ ይታደሳል። ሴቶችን በቀጥታ ከራሳቸው ይጠይቁ፣ የቤቱ ልማድ ሌላ ሰው መጠየቅን የሚፈልግ ከሆነ እሱንም ይጨምሩ፤ ሴት ረዳት ካለችዎ ብዙ በር ይከፈታል። የልጆች ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ በፌስቡክም ሆነ በቴሌግራም አይለጠፍ። በሶላት ጊዜ ከሰጋጆች ፊት አይቁሙ። ለቅሶ ቤት ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ፤ ቤተሰቡ ራሱ ካልጠራዎ በቀር በሐዘን ላይ የሚነሳ ፎቶ የለም። ግድብ፣ ድልድይና ኬላ ሳይጠይቁ አያንሱ።

ለፎቶ ገንዘብ መክፈልን አልመክርም፤ በሁለተኛው ጉብኝት መንደሩ ሁሉ ተዋናይ ይሆናል። ስኳር ወይም ሳሙና ይዞ መሄድ ግን እንግድነት ነው። ሌላው የማይቀረው ነገር፣ አዛውንቶች ሥራ ላይ ሳሉ ሳይሆን ልብስ ለውጠው፣ ቀጥ ብለው፣ ሙሉ ቁመታቸው እንዲነሳ ይፈልጋሉ። እምቢ አይበሉ። እሳቸው የሚፈልጉትን መጀመሪያ በሙሉ ጥንቃቄ ያንሱ፤ ከዚያ በኋላ ካሜራውን ስለሚረሱት እርስዎ የሚፈልጉት ራሱ ይመጣል። ደግሞም ያ ቀጥ ያለ ፎቶ ከዓመታት በኋላ ቤተሰቡ ከሁሉ አስበልጦ የሚፈልገው ነው።

ማሳተም፣ መጻፍና ማስቀመጥ

ከእያንዳንዱ ጉብኝት በኋላ ለተነሳው ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ ያሳትሙና በሚቀጥለው ጉብኝት ይዘው ይሂዱ። የገጠር ቤት ጭስ ስለሚበዛበት ላሚኔት ቢደረግ ዕድሜው ይረዝማል። ከላሚኔቱ በፊት በጀርባው የሰውየውን ስም፣ የቀበሌውን ስም፣ ሥራውንና ቀኑን በእርሳስ ይጻፉ፤ እስክሪብቶ በፊት በኩል ጎልቶ ይወጣል። ፎቶውን ሲያስረክቡ ስሙ በትክክል መጻፉን፣ ሥራውም በእነሱ አጠራር መጠራቱን ጠይቀው ያርሙ፤ የፎቶ መግለጫ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ አይጻፍም።

ካሜራው ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚመዘግብ በዚያው ይተዉት፤ ፎልደሩን ግን በእኛ ዓመትና በወሩ ቁጥር ይሰይሙት፣ ለምሳሌ «2018-03 ኅዳር ማና ለቀማ»፤ ኅዳር ሦስተኛው ወር ስለሆነ ፎልደሮቹ በራሳቸው በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። የካሜራው ሰዓትም ከእኛ ሰዓት በስድስት ሰዓት እንደሚለይ አስበው በመግለጫው ላይ የእኛን ሰዓት ይጻፉ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ይኑርዎት፤ አንዱ ፎቶ ቤት፣ ሌላው ከዚያ ውጪ፣ ለምሳሌ በዘመድ ቤት ይቀመጥ። ፎቶው ሁለቱም ላይ መግባቱን ከፍተው ሳያዩ ሚሞሪ ካርዱን ፎርማት አያድርጉ።

ዓመቱ ሲሞላ ሁሉንም በየወሩ ክምር ከፍለው ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ። ብዙውን ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ሞልተው፣ ሰኔ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ከወንዶች ሥራ ይልቅ የሴቶች ሥራ፣ ከቀን ይልቅ ማታ ይጎድላል። የጎደሉትን ለይተው ለመንደሩ አዛውንትና ለእናቲቱ ያሳዩአቸው፣ በእነዚያ ወራት ምን እንደሚሠራ ጠይቀው የሁለተኛውን ዓመት የጉብኝት ቀናት ከእነሱ ጋር ይወስኑ።